ጀልባ የማይደርስላቸው ደቂቃዎች፦ የደሴት ጨቅላ ሕፃናትን ለማትረፍ ከየት ይጀመር?

በ2017 ዓ.ም. «ጣና ነሽ ሁለት» የተባለችው ጀልባ በከባድ ተጎታች ላይ ተጭና ከጅቡቲ ወደብ ወደ ባሕር ዳር ስትጓዝ ብዙ ሰው መንገዷን ሲከታተል ነበር። 38 ሜትር የምትረዝም፣ ከ180 በላይ ሰው የምትይዝ ጀልባ ዳገት ቁልቁለቱን በየብስ አቋርጣ ጣና ልትገባ መሆኗ በራሱ የሚያስደንቅ ነው። በሐይቁ ላይ ለሚነግደው፣ ከደሴት ወጥቶ ለሚማረው፣ ገዳማቱን ለሚሳለመው እፎይታ እንደምትሆን አያከራክርም። ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲህ የደሴቱ ወላድና ሕፃንም ሐኪም ቤት ይደርሳሉ» ማለት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የደሴት ጤና ሲነሣ ሐሳባችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ውኃው ነው። ውኃው ከተሻገረ ችግሩ የሚያልቅ ይመስለናል። ለተሰበረ እግር፣ ለዓይን ሕመም፣ ለሰነበተ ሆድ ቁርጠት ይህ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ለጨቅላ ሕፃን ግን ልክ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ በመጀመሪያው ወር ከሚሞቱት ሕፃናት ሦስት አራተኛው የሚሞቱት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉት ደግሞ 24 ሰዓት እንኳ አይሞላቸውም። ሞት እንዲህ ሲፈጥን፣ ሕክምናው ሕፃኑ በተወለደበት ክፍል ውስጥ ቀድሞ ካልተገኘ ከሌላ ቦታ ተጉዞ አይደርስም። ስለዚህ በደሴት ላይ ለጨቅላ ሕፃን የሚመደበው የመጀመሪያው ብር ሕፃኑ ወደሚወለድበት ክፍል መሄድ አለበት። ጀልባውም ያስፈልጋል፤ ተራው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

የትኞቹ ደሴቶች?

ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሐይቅ ነው። በውስጡ ካሉት ከ30 በላይ ደሴቶች ብዙዎቹ የገዳም ይዞታ ናቸው፤ ሴት የማትገባባቸውም አሉ። የወሊድ ጉዳይ የሚነሣው አርሶና ዓሣ አጥምዶ፣ ትዳር መሥርቶ የሚኖር ሕዝብ ባለባቸው በጥቂቶቹ ነው። ከእነዚህ ዋናው ደቅ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት የናርጋ ሥላሴ ገዳም ከዚሁ ደሴት ጥግ ላይ ይገኛል። ከባሕር ዳር ደቅ በሞተር ጀልባ፣ እንደ ሞተሩ ጉልበትና እንደ ማዕበሉ፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። በምዕራብ በኩል ቁንዝላ ይቀርባል፤ ቀዶ ሕክምናና የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ክትትል ያላቸው ትልልቆቹ ሆስፒታሎች፣ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን፣ ያሉት ግን ባሕር ዳር ነው።

በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች የሚኖረው የዛይ ሕዝብና በአባያ ሐይቅ ላይ ያለው የጊዲቾ ነዋሪም በየፊናቸው ከዚሁ ጥያቄ ጋር ይኖራሉ። እዚህ በጣና ላይ የምናተኩረው መድረሻውም መሻገሪያውም ጎልቶ ስለሚታይበት ነው።

ተቋም መድረስ ብቻውን ምን አመጣ?

እ.ኤ.አ. በ2000 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት ውስጥ 49ኙ የመጀመሪያውን ወር አላለፉም። በ2016 ቁጥሩ ወደ 29 ወረደ። በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናት 33 ሆኖ ተገኘ። በ29ና በ33 መካከል ያለው ልዩነት በናሙና ጥናት ከሚጠበቀው መዋዠቅ ስለማይዘል፣ ሞቱ ጨመረ ብሎ መደምደም አይቻልም። መቀነሱ እንደቆመ ግን ያሳያል። በእነዚሁ ሁለት ጥናቶች መካከል በጤና ተቋም የወለዱ እናቶች ድርሻ ከ26 በመቶ ወደ 48 በመቶ ከፍ ብሏል።

ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ወደ ተቋም የሚመጣው ወላድ ወደ እጥፍ ሲጠጋ የጨቅላ ሕፃናት ሞት ካልተነቃነቀ፣ ደጃፉ ድረስ መምጣቱ ብቻ እንደማያድን ይነግረናል። ከደጃፉ ወዲያ ያለው፣ ማለትም የሠለጠነ እጅ፣ የሞቀ ክፍል፣ በጊዜ የተሰጠ መድኃኒት፣ እኩል ይመዝናል። በ2016ቱ ጥናት የአማራ ክልል የጨቅላ ሕፃናት ሞት ከ1,000 ውስጥ 47 ነበር፤ ከአገሪቱ ከፍተኛው። ዓለም እስከ 2030 ለመድረስ የተስማማበት ግብ 12 ነው። በደሴት ላይ ይህን ክፍተት ለመዝጋት «እናድርሳቸው» ከሚለው መፍትሔ በፊት፣ ሕፃናቱ በምን እንደሚሞቱና እያንዳንዱ አሟሟት ምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጥ ማየት ይገባል።

አራት አሟሟት፣ አራት ሰዓት

የመጀመሪያው መታፈን ነው። ጊዜው በደቂቃ ይቆጠራል። ሕፃኑ ወጥቶ ካላለቀሰ አዋላጇ በደረቅ ጨርቅ አጥብቃ ትጠርገዋለች፣ እርጥቡን ጨርቅ ትቀይራለች፣ ጀርባውን ታሻሸዋለች፣ አፉና አፍንጫው ተዘግቶ ከሆነ ታጸዳለች። አሁንም ካልተነፈሰ፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ፣ ራሱን በትክክል አስተካክላ ልኩ የሆነውን ጭንብል አፍና አፍንጫው ላይ ትገጥምና በእጅ የሚጨመቀውን የአየር ከረጢት፣ አምቡ ባጉን፣ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ትጫናለች። ዓይኗ ደረቱ ላይ ነው፤ ከፍ ዝቅ ካላለ አየሩ በጭንብሉ ጠርዝ እያመለጠ ነው ማለት ነውና እንደገና ትገጥማለች። አብዛኞቹ ሕፃናት በተራ አየር፣ ያለ ኦክስጅን ሲሊንደር፣ ይመለሳሉ። ለዚህ ሥራ የምታስፈልገው በዚያች ደቂቃ እዚያ ክፍል ውስጥ ያለች፣ እጇ ያልደነገጠ ባለሙያ ናት። የትኛውም ጀልባ፣ የፍጥነቱ መጠን ምንም ይሁን ምን፣ ይህችን ደቂቃ አይደርስባትም።

ሁለተኛው ያለ ጊዜው መወለድ ነው፤ በዓለም ደረጃ የጨቅላ ሕፃናት ሞት ቀዳሚ ምክንያት። እዚህ ጊዜው በሰዓታት ይለካል፤ ብርድም አደጋውን ያከብደዋል። ከ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከሐይቁ በሚነፍስ የሌሊት ነፋስ፣ ሁለት ኪሎ የማይሞላ ሕፃን ሙቀቱን ራሱ አይጠብቅም። የሚቀዘቅዝ ሕፃን ጡት ለመጥባት ጉልበት ያጣል፤ ካልጠባ ስኳሩ ይወርዳል፤ ከወረደ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ይህን ለማቋረጥ መብራት የሚፈልግ ማሞቂያ ሳጥን የግድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ማሞቂያ ባጠራቸው ሐኪሞች የተጀመረው የካንጋሮ እንክብካቤ ሕፃኑን ከዳይፐርና ከኮፍያ በቀር ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ፣ በነጠላ አጥብቆ ማሰር ነው። በአገራችንም ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው በአዲስ አበባ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ጥናት፣ ቀደም ብሎ የተጀመረ የካንጋሮ እንክብካቤ የትንንሽ ሕፃናትን ሕይወት እንደሚያተርፍ አሳይቷል። በ2021 ይፋ የሆነው የአምስት አገሮች ጥናት ከወሊድ በኋላ ወዲያው መጀመሩ ሞትን በ25 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋገጠ፤ የተካሄደው ግን በሆስፒታሎች ነው። ለደሴት ይበልጥ የሚቀርበው በሕንድ ሃሪያና ግዛት በመኖሪያ ቤት የተጀመረው ነው፤ በ2019 በታተመው ውጤት እዚያ የጨቅላ ሕፃናት ሞት በ30 በመቶ ቀንሷል።

ሦስተኛው ኢንፌክሽን ነው፤ ይህ በቀናት የሚለካ ጊዜ ይሰጣል። ጡት መተው፣ ትኩሳት ወይም ከልክ ያለፈ መቀዝቀዝ፣ ፈጣን ትንፋሽ ምልክቶቹ ናቸው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመረችው ማኅበረሰብ አቀፍ የጨቅላ ሕፃናት ሕክምና ወደ ሆስፒታል መሄድ ለማይቻለው ሕፃን በጤና ኬላ የጄንታማይሲን መርፌና የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ ለሰባት ቀን እንዲሰጥ ፈቅዷል። «መሄድ የማይቻል ሲሆን» የሚለው ቅድመ ሁኔታ ለደሴት የተጻፈ ያህል ነው።

አራተኛው የሚጀምረው ከወሊዱ በፊት ነው። ምጥ ሲረዝም፣ ሕፃኑ ሲጋደም፣ የእትብት ገመድ ቀድሞ ሲወጣ፣ እናት ደም ሲፈሳት የሚያድነው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ቀዶ ሕክምና ደግሞ በደሴት ላይ የለም። ውኃው በእርግጥ የሞትና የሕይወት ወሰን የሚሆነው እዚህ ነው። ከአራቱ አንዱ ብቻ መሆኑ የበጀቱንም ቅደም ተከተል ሊወስን ይገባል።

ጥቂት ወሊድ ሲኖር ሙያ ይደክማል

«እንግዲያው ለደሴቱ አዋላጅ ነርስ መመደብ ነው» የሚለው መልስ ቀላል ይመስላል። ውስጡ ግን ብዙም የማይወራለት ችግር አለ።

ለአንድ ጤና ኬላ መደበኛ ስሌት የሆነውን 5,000 ሕዝብ እንውሰድ። በ1,000 ሰው ወደ 32 ልደት ብናስብ በዓመት 160 ገደማ ሕፃናት ይወለዳሉ። በአገር አቀፉ መጠን ከእነዚህ አምስቱ የመጀመሪያውን ወር አያልፉም። በአምቡ ባግ መረዳት የሚያስፈልጋቸው ከ100 ሦስት እስከ ስድስት ስለሚሆኑ፣ ሁሉም እናቶች በተቋም ቢወልዱ እንኳ በዓመት ከአምስት እስከ አሥር ናቸው። ሁለት አዋላጆች ሥራውን ቢካፈሉት አንዲቱ የታፈነ ሕፃን የምታገኘው በየሁለት ወሩ ወይም በየአራት አምስት ወሩ ይሆናል። ግማሹ ወሊድ በቤት ከሆነ ከዚያም ይርቃል። በዚህ መሐል የጭንብሉ አገጣጠም ከእጅ ይጠፋል። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸውም በዓመት 15 ገደማ ስለሚሆኑ፣ ለዚያ ቀዶ ሐኪምና የማደንዘዣ ባለሙያ በደሴቱ ላይ ማስቀመጥ ለባለሙያዎቹም ለበጀቱም አይሆንም።

ይህን መንገድ ቀድማ የሄደችበት ኢንዶኔዥያ ናት። ከ17,000 በላይ ደሴቶች ያሏት ይህች አገር እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በሰባት ዓመት ገደማ ከ50,000 በላይ አዋላጆችን በየመንደሩ አሰማራች። በሠለጠነ ባለሙያ መውለድ በእጅጉ ተስፋፋ፤ ይህ ትልቅ ድል ነው። ከጊዜ በኋላ ግን ሩቅ መንደር ያሉት አዋላጆች በዓመት የሚያዩት ወሊድ እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ብቻቸውን የሚሠሩትን ብቸኝነቱና የገቢው ማነስ ወደ ከተማ ሳባቸው፤ በቀሩትም ላይ የልምድ ማነስ ታየ።

ታንዛኒያ በዚህ ላይ ሌላ ትምህርት ጨምራለች። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የተስፋፋው የሕፃናት ማስተንፈስ ሥልጠና በዚያ አገር በተሞከረባቸው ሆስፒታሎች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚሞቱትን በ47 በመቶ ቀነሰ። በሰሜን ታንዛኒያ ሃይዶም ሆስፒታል ግን የአንድ ቀን ሥልጠና ብቻውን በወሊድ ክፍሉ አሠራር ላይ ለውጥ አላመጣም። ባለሙያዎቹ በሥራ ቦታቸው አጭር አጭር ልምምድ ደጋግመው ማድረግ ሲጀምሩ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱት ከ1,000 ውስጥ ከ11 ገደማ ወደ 7 ገደማ ወረዱ። ቁም ነገሩ የምስክር ወረቀት መያዙ ላይ ሳይሆን በየሳምንቱ አሻንጉሊቱን አውጥቶ፣ ሰዓት ይዞ፣ ጭንብል መግጠሙ ላይ ነው።

ከዚህ የሚከተለው አሠራር ውድ አይደለም። የደሴቱ አዋላጅ በየዓመቱ ለተወሰኑ ሳምንታት ባሕር ዳር ባለ የማዋለጃ ክፍል ተመድባ ትሥራ፤ በምትኩ ከከተማ አንዲት ባልደረባ ደሴቱን ትሸፍን። አንድ ሌሊት ብዙ ወሊድ በሚስተናገድበት ክፍል የምታየው በደሴቱ ሳምንታት ከምታየው ይበልጣል። ለባለሙያዋ ደግሞ ተረስታ እንዳልቀረች ማረጋገጫ ይሆናታል፤ በቦታዋ ለመቆየትም ምክንያት ይሆናታል። አስቸጋሪው ነገር ሁለት ቢሮዎች፣ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና ሆስፒታሉ፣ በአንድ የምደባ ሰንጠረዥ መስማማታቸው ነው።

እናትን ቀድሞ ማሻገር

ለአራተኛው አሟሟት ሌላ መንገድ አለ፦ ምጥ ሳይመጣ እናትን ማዶ ማድረስ። ኢትዮጵያ በዚህ የቆየ ልምድ አላት። በጉራጌ አካባቢ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል የእናቶች ማቆያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። የ22 ዓመት መዝገቡ ተመርምሮ በ2010 ሲታተም፣ በማቆያው ከቆዩት እናቶች ከ1,000 ወሊድ 18 ገደማ ሕፃናት ሞተው ሲወለዱ፣ በቀጥታ ከመጡት ግን 191 ነበሩ።

ልዩነቱ አስደንጋጭ ነው፤ እንዳለ መውሰድ ግን አይገባም። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ የመጡት ምጡ ከከበደ፣ አንዳንዴም ሕፃኑ ካለፈ በኋላ ነው። ማቆያው ሁሉን አዳነ ከማለት ይልቅ፣ ዘግይቶ መምጣት ምን እንደሚያስከፍል አሳየ ማለቱ ለእውነት ይቀርባል። ያም ሆኖ ለደሴት ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ከዚህ ቀደም በቀዶ የወለደች፣ መንታ ያረገዘች፣ ሕፃኑ የተጋደመባት እናት ምጧን በደሴት ላይ መጠበቅ የለባትም።

ችግሩ ለእናትየዋ የሚሆነው ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ከቤት መራቅ ማለት ልጆቹን ለጎረቤት፣ እርሻውን ለባል፣ ሊጡን ለማን? የሚል ጥያቄ ነው። በማቆያው ገንፎ የሚያገነፋላት፣ ቡና የሚያፈላላት ከሌለ፣ አስታማሚዋ የምታድርበት ከጠፋ፣ አልጋው ባዶ ይቀራል። የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን በትክክል የማታውቅ እናት መቼ መሻገር እንዳለባት መወሰንም ይከብዳታል። ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ፣ ማቆያ የሚገባው ዘጠነኛው ወር ሲገባ ስለሆነ በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ወር የሚወለደው ሕፃን እናቱ ገና በደሴቱ ላይ ሳለች ይመጣል። ትልቁን ገዳይ ማቆያው አይነካውም። ስለዚህ ማቆያው የቱንም ያህል ቢሟላ በደሴቱ ላይ ያለው የካንጋሮ እንክብካቤና የማስተንፈስ ብቃት አይተካም።

ጀልባው ተራው ሲደርስ

የመስመር ጀልባና የአምቡላንስ ጀልባ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመስመር ጀልባ ቀንና ሰዓት አላት፤ ምጥ ግን የለውም። በሳምንት ሁለት ቀን የምትመጣ ትልቅ ጀልባ ወደ ማቆያ ለሚሻገሩት፣ መድኃኒትና ክትባት ለማመላለስ፣ ለባለሙያ ቅያሪ እጅግ ትጠቅማለች። ለሌሊት ድንገተኛ የሚያስፈልገው ግን ትንሽ፣ ጣራ ያላት፣ ሁለት ሞተር ያላት፣ ደሴቱ ላይ የምታድር ጀልባ ናት።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ጀልባ መግዛት በአንድ ጊዜ በሚገኝ እርዳታ ይቻላል፤ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። ቤንዚኑ፣ የሌሊት ተረኛው ካፒቴን፣ መካኒኩ፣ የሕይወት አድን ጃኬቱ፣ የሞተር መለዋወጫው ግን በየወሩ የሚጠይቁ ናቸው። የቤንዚን እጥረት በሚደጋገምበት አካባቢ «ለአምቡላንስ ጀልባ» ተብሎ ተቆልፎ የሚቀመጥ በርሜል ከሌለ ጀልባዋ በተፈለገችበት ሌሊት አትነሣም። ከሰዓት በኋላ በጣና ላይ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሐይቁ ላይ የተንሰራፋው እምቦጭ ደግሞ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ የጀልባ መንገድ ይዘጋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት በየብስም በውኃም የሌሊት እንቅስቃሴን አክብዷል፤ የትኛውም የጀልባ ዕቅድ ታጣቂዎቹም የመንግሥት ኃይሉም የወላድን ጉዞ እንዳያቆሙ የሚያስችል ስምምነት ካላካተተ በወረቀት ላይ ይቀራል። የአገር ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ከማንም በላይ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ይህ ነው።

ጉዞው ራሱም አደጋ አለው። ሁለት ሰዓት በነፋስ መሐል በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የተጓዘ ሁለት ኪሎ የማይሞላ ሕፃን ሆስፒታል ሲደርስ ከተነሣበት ብሶበት ሊሆን ይችላል። በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ታስሮ፣ ከላይ ጋቢ ተደርቦለት ከሄደ ግን ሞቆ ይደርሳል። እናትየዋ ራሷ ከታመመች አባት ወይም አያት ሊይዙት ይችላሉ። ቀድሞ ስልክ ተደውሎ ወደቡ ላይ አምቡላንስ ካልጠበቀም፣ በውኃው ላይ የተረፈው ጊዜ ባጃጅ ሲፈለግ ያልቃል።

በገጠሩ ኢትዮጵያ ታማሚን በቃሬዛ ተራ በተራ የሚሸከሙ ማኅበራት አሉ። በደሴት ላይ ያው ሥርዓት በእድር በኩል ወደ ጀልባ ሊዞር ይችላል፤ ባለሞተሮቹ በሌሊት ተራ ይመዘገባሉ፣ ነዳጁን ወረዳው ይተካል። አዲስ ጀልባ ከመጠበቅ በደሴቱ ላይ ያሉትን ማደራጀት ይፈጥናል።

ድሮንና ስልክ

በታኅሣሥ ወር 2018 እ.ኤ.አ. በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለችው ቫኑአቱ፣ በኤሮማንጎ ደሴት፣ በድሮን በመጣ ክትባት ሕፃን በመከተብ ቀዳሚ ሆነች። ድሮኑ የበረረው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ድሮን መድኃኒት፣ ክትባት፣ የደም ናሙና ያመላልሳል፤ አዋላጅ አያመጣም፣ ወላድም አይወስድም። ለጣና ዓይነት ርቀት ማቀዝቀዣና መደበኛ ጀልባ ካለ ጥቅሙ ሁለተኛ ደረጃ ነው።

ስልክ ይሻላል። በዛንዚባር በተደረገ ሙከራ ነፍሰ ጡሮች አጫጭር መልእክት እየደረሳቸው፣ ወደ ባለሙያ የሚደውሉበት የአየር ሰዓት ካርድ ሲሰጣቸው፣ በወሊድ ዙሪያና በመጀመሪያው ሳምንት የሞቱት ሕፃናት ከ1,000 ወሊድ 19 ሆኑ፤ ያላገኙት ጋ 36 ነበሩ። ዛንዚባርም ደሴት ናት። ስልኩ የሠራው ግን ከጀርባው የሚመልስ ባለሙያና የሚቀበል ተቋም ስላለ ነው።

ከቤት የማይወጣው ሕፃን

በጤና ኬላ የኢንፌክሽን ሕክምና ቢፈቀድም የሚመጣው ሕፃን ጥቂት መሆኑ በተደጋጋሚ ታይቷል። ምክንያቱ ቸልተኝነት አይደለም። አራስ ከነልጇ ክርስትና እስኪደርስ፣ ወንድ ከሆነ እስከ 40፣ ሴት ከሆነች እስከ 80 ቀን፣ ከቤት አትወጣም፤ ይህ እናትን ከሥራ፣ ሕፃንን ከእንግዳ ትንፋሽና ከብርድ የሚጠብቅ፣ ሊከበር የሚገባው ሥርዓት ነው። ሥርዓቱን ከመውቀስ ይልቅ ሕክምናውን ወደ አራስ ቤት ማስገባት ይቀላል። ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በመጀመሪያው፣ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን በር ካንኳኳች ጡት የተወውን ሕፃን በጊዜ ታገኘዋለች፤ መርፌውንም እዚያው ትሰጣለች። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተገነባው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ትልቁ ሀብት ይኸው የቤት ለቤት ልማድ ነው።

ቤተ ክርስቲያንም እዚህ ቦታ አላት። የንስሐ አባት ለአራስ ቤት ጠበል ሊረጭ ሲገባ «ሕፃኑ ይጠባል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅና ካልጠባ ባለሙያዋን ቢያስጠራ፣ ቤተሰቡ ከማንም ይልቅ እሱን ይሰማል። ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን ብዙ ጊዜ በጸጥታ ተቀብሮ ከየትኛውም መዝገብ ስለሚቀር፣ በየቤቱ የሚገቡት ካህናትና ባለሙያዎች ካልቆጠሩት ወረዳው ስንት ልጅ እንደሚያጣ አያውቅም፤ ያልተቆጠረ ሞት ደግሞ በጀት አይጠይቅም።

ማን ይከፍላል? ወዴትስ ይሄዳል?

በመንግሥት ተቋማት የወሊድና የጨቅላ ሕፃናት አገልግሎት ነፃ ነው፤ ጀልባው ግን ነፃ አይደለም። የበጀት ድልድሉ በአብዛኛው በሕዝብ ቁጥር ስለሚሰላ፣ ደሴት ያለችበት ቀበሌ ከሜዳው ቀበሌ እኩል ይመደብለታል፤ የውኃ ላይ ነዳጁ፣ ለባለሙያው የሚያስፈልገው የበረሃ አበል ዓይነት ማካካሻ፣ በቂ ክምችት የመያዙ ወጪ አይታሰብም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የዩኤስኤይድ ድጋፍ መቋረጡ ደግሞ ክፍተቱን በውጭ ፕሮጀክት የመሙላቱን ልማድ አዳክሟል። ማልዲቭስ ሰው በሚኖርባቸው ደሴቶቿ ሁሉ የጤና ተቋም አቋቁማ፣ በባሕር አምቡላንስ አገናኝታ የጨቅላ ሕፃናት ሞትን ከ1,000 ውስጥ ወደ 4 ገደማ አውርዳለች፤ ይህን ያደረገችው ግን የቱሪዝም ሀብት ይዛ ነው። ለኢትዮጵያ የሚቀርበው ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው።

ከፊታችን ያሉት መንገዶች ሦስት ይመስሉኛል። አንደኛው፣ የመስመር ጀልባው ይሻሻላል፣ የወሊድ ክፍሉ እንዳለ ይቆያል። በዚህ መንገድ ወደ ማቆያ የሚሻገሩ እናቶች ትንሽ ይጨምራሉ፤ የታፈነውና ያለ ጊዜው የተወለደው ሕፃን ግን እንደ በፊቱ ይሞታል። ባለንበት ሁኔታ የሚቀለውም፣ ስለዚህ የሚጠበቀውም ይህ ነው። ሁለተኛው የአምቡላንስ ጀልባ ተገዝቶ ያለ ሥራ ማስኬጃ የሚሰጥበት ነው፤ ከዓመት ሁለት ዓመት በላይ አይዘልቅም፤ ለሚቀጥለው ጥያቄም «ሰጥተናችሁ ነበር» የሚል መልስ ያመጣል። ሦስተኛው ከውስጥ የሚጀምር ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት አምቡ ባግና ሳምንታዊ ልምምድ፣ የካንጋሮ ክፍል፣ የሰባት ቀን መድኃኒት ክምችት፣ የቤት ለቤት ጉብኝት፤ ቀጥሎ የባለሙያ ቅያሪና ምግብ ያለው ማቆያ፤ ከዚያ በነዳጅና በተረኛ የተደገፈ ጀልባ። የሚጠይቀው ገንዘብ ከሁለተኛው ያነሰ ነው። የሚጠይቀው ትዕግሥት ግን ይበልጣል፤ ፎቶ የሚነሣበትም ነገር የለውም።

ሦስተኛው መንገድ በአሁኑ የጸጥታ ሁኔታ ሙሉ በሙሉ ባይሠራ እንኳ የመጀመሪያው ክፍሉ ይሠራል፤ ምክንያቱም ደሴቱ ላይ ያለው ሰው ደሴቱ ላይ ባለው ዕቃ የሚሠራው ነው። መንገድ ተዘግቶ ጀልባ ቢቆምም አዋላጇ ጭንብል ትገጥማለች፣ አያትየዋ ሕፃኑን በደረቷ ታስራለች። ወረዳው ወደዚህ ማዘንበሉ የሚታወቀው በሚቀጥለው የበጀት ሰሌዳው ላይ ነው፦ ለደሴቱ አዋላጅ የሆስፒታል ምደባ ሳምንታት፣ ለሌሊት ተረኛ ባለሞተር ክፍያ፣ ለጤና ኬላው የጄንታማይሲን ክምችት የየራሳቸው መስመር ተሰጥቷቸው እንደሆነ።